ፕሮቲን (በምግብ)
ፕሮቲን ሰውነት ጡንቻን፣ ቆዳንና ደምን የሚገነባበት፣ ከአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት የተሠራ ንጥረ ምግብ ነው። ከግሪክኛ የመጣውን ስያሜ ስዊድናዊው ቤርዜሊየስ ጠቁሞ፣ የኔዘርላንዱ ኬሚስት ሙልደር እ.ኤ.አ. በ1838 አሳተመው። ለጤናማ አዋቂ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.83 ግራም ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ሰውነት ራሱ የማይሠራቸውን 9 አሚኖ አሲዶች አሟልተው ይሰጣሉ። ከዕፅዋት ምንጮች ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተርና ምስር ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ሲበዛባቸው ሜታዮኒን የተባለው ያንሳቸዋል፤ በእህል በአመዛኙ ተቃራኒው ነው። የጾም ገበታ ዋና ብልሃትም እዚህ ላይ ነው፦ ሽሮ በእንጀራ ሲበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው በዚያው ጉርሻ ይሞላል። ጥራጥሬን ዘፍዝፎ መቀቀል የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውኩ ንጥረ ነገሮችን ይቀንሳል።