መሣሪያውና መምህሩ፦ ከሬዲዮ እስከ ፕላዝማ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን ካለፈ በኋላ፣ መርሳ ሳይደርስ፣ በሀብሩ ወረዳ የምትገኘውን ውርጌሳን ያገኛል። በአገራችን ስለ ትምህርት መሣሪያዎች የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እዚያው የሚያበቃ ነው። ይሁን እንጂ አንድ አዲስ መሣሪያ ለትምህርት ያለው ጥቅም በእውነት የሚመዘነው እንደ ውርጌሳ ባለች ከተማ በሚያስተምር መምህር እጅ ሲገባ ነው። ያለፉትን 60 ዓመታት በዚህ ሚዛን መመልከት ለሙያ ጓደኞቻችን የሚጠቅም ይመስለናል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ለተማሪ ቤቶች የሚሆን ትምህርት ማሰራጨት ጀመረ። ሆኖም ሥርጭቱ ከዋና ከተማይቱና ከአካባቢዋ እምብዛም የማይርቅ ስለ ነበረ፣ ቀድሞ ወደ ገጠሩ የዘለቀው ሬዲዮ ነው። በባትሪ መሥራቱም መብራት ላልገባበት ቀበሌ የተስማማ አደረገው። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠይምነት ማጥፋት ዘመቻም ሬዲዮ ደጋፊ ሆኖ አገልግሏል። እዚህ ላይ የሬዲዮ ትምህርት ጠባይ ልብ ሊባል ይገባል። ድምፁ ከሩቅ ይምጣ እንጂ፣ ተማሪውን ለማዳመጥ የሚያዘጋጀው፣ ሥዕሉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚነድፈው፣ ሲያበቃም የሚጠይቀውና የሚያርመው መምህሩ ነበር።

በዚያው በ1970ዎቹ ዓ.ም. በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማዕከላት ተቋቋሙ። የማዕከላቱ ዓላማ መምህራን በአካባቢያቸው ከሚገኝ ነገር፣ ማለትም ከካርቶን፣ ከሸክላ፣ ከቆርኪና ከእንጨት፣ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንዲሠሩ ማስቻል ነበር። የተሠራው ዕቃ ምንም ያህል ተራ ቢሆን፣ መምህሩ ራሱ ስለ ሠራው አጠቃቀሙን ያውቃል፤ ቢሰበርም ይጠግነዋል።

በ1997 ዓ.ም. ግን አሠራሩ ተለወጠ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ጀመር። ለዚህ በቂ ምክንያት ነበረው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁጥር በፍጥነት በማደጉ የሠለጠነ መምህር አልተዳረሰም፤ የገጠሩም ተማሪ ከከተማው ልጅ እኩል እንዲማር ታስቦ ነበር። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ቴሌቪዥኑ ወሰደና ለመምህሩ የቀሩት በመግቢያና በመዝጊያ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ሆኑ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይነገራል፤ ተማሪው ባይገባውም ቆሞ አይጠብቀውም፤ መብራት ከጠፋም የዚያ ዕለት ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው እንዲሉ፣ ስክሪኑ ተማሪውን ከመምህሩ በላይ እንደሚያውቅ ሆኖ ቀረበ፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ከዚያ 40 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964፣ በአሜሪካ ሳሞአ ደሴቶች ዋናው ትምህርት በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ውሎ አድሮ ግን መምህራኑና ተማሪዎቹ ስላልተደሰቱበት ቴሌቪዥኑ ወደ ረዳትነት ዝቅ እንዲል ሆነ። ትምህርቱ እዚያ አስቀድሞ ተገኝቶ ነበር፤ እኛ ግን በራሳችን ዋጋ ደግመን ገዛነው።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እንደገና ተፈለጉ። ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የሌለው ቤተሰብ ልጅ ግን ከትምህርቱ ርቆ ቀረ። ከዚያም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ዘለቀ። እስከ 2014 ዓ.ም. በቆየው በዚያ መከራ በዞኑ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ወንበሩ፣ መጽሐፉና ኮምፒዩተሩ ተዘረፈ፣ ተሰበረ። በሮቹ እንደገና ሲከፈቱ ያልተዘረፈው ሀብት መምህሩ በአእምሮውና በእጁ ይዞት የተመለሰው ሙያ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ መሣሪያ የሚጠቅመው መምህሩ ሲያዝዘው እንጂ ሲታዘዝለት አይደለም። ስለዚህ ለተጎዱት ትምህርት ቤቶች አዲስ ዕቃ ሲታሰብ፣ ለዕቃው የሚመደበውን ያህል ለመምህሩ ሥልጠናም ሊታሰብ ይገባል። መምህሩ ትምህርቱን ከክፍል በፊት የሚያይበት ጊዜ፣ በፈለገው ቦታ አቁሞ የሚደግምበት ሥልጣን፣ ሲበላሽም የሚጠይቀው ባልደረባ ያስፈልገዋል። ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት የታሰበው 60 ሰዓት ፎርም በመሙላት ከሚያልቅ፣ ከፊሉ ለዚሁ ቢውል መልካም ነው። ይህንንም ለማድረግ አዲስ መሣሪያ እስኪመጣ መጠበቅ አያሻም፤ በጎረቤት ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ባልደረባ መጥራት ብቻ ይበቃል።