ተጫዋች፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ



በእቁባችን ዳኛና ጸሐፊ ለየብቻ የምንመርጠው ለምን እንደሆነ አዳዲስ አባላት ደጋግመው ይጠይቁናል። «አንዷ ታማኝ ከሆነች ሁለቱንም ብትይዝ ምን አለበት?» ይሉናል። በዚህ እትም መልሱን ከሩቅ አገር ታሪክ እናመጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዋልተር ኤከርሳል የቺካጎ ከተማ ልጅ ነበር። ከ1903 እስከ 1906 ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውቷል። ይህ ጨዋታ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ይለያል። ሞላላ ኳስ ታቅፈው ይሮጣሉ፣ ተጋጣሚም ይዞ ይጥላል። ኤከርሳል ክብደቱ 65 ኪሎ ገደማ ብቻ ቢሆንም ሯጭና ጎበዝ መቺ ነበር።

ስሙ የገነነው ኅዳር 30 ቀን 1905 ነው። በዚያ ቀን ቺካጎ ለ56 ጨዋታዎች ያልተሸነፈውን ሚሺጋንን ገጠመ። ኤከርሳል ረጅም ኳስ መታ፤ የሚሺጋኑ ተጫዋች ከራሱ የግብ መስመር ኋላ ተቀብሎ ይዞ ሊወጣ ሲሞክር ተመልሶ ተያዘ። ለዚህ የሚሰጠው ሁለት ነጥብ ነው፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 አለቀ።

በሜዳ ላይ ብዙ ወጣቶች ይሞቱ ስለነበር በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የኮሌጅ ተወካዮችን ጠርተው አነጋገሩ። በ1906 ሕጉ ተለወጠ፤ ኳስን ወደፊት መወርወርም ተፈቀደ። ኤከርሳል በአሮጌውም በአዲሱም ሕግ የተጫወተ ሰው ሆነ።

ዩኒቨርሲቲው ግን ለጉልበቱ የተጨነቀለትን ያህል ለትምህርቱ አልተጨነቀለትም። ኤከርሳል ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። ልጆቻችንን ለማስተማር ለምንቆጥብ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሥራ ያዘ። ለቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ስፖርት ይጽፋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የኮሌጅ ጨዋታዎችን ይዳኛል። ጨዋታውን ከውስጥ ስለሚያውቀው በጣም ተፈላጊ ነበር። የኖትር ዳሙ ዝነኛ አሰልጣኝ ኑት ሮክኒም ከሚፈልጉት አንዱ ነበሩ።

ተጫዋች የነበረ ሰው ዳኛ መሆኑ ጥሩ ነው። የእቁብ ዳኛችንም እንደ ማንኛችንም ዕጣዋን የምትጠብቅ አባል ናት፤ ችግራችንን የምታውቀውም ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ኤከርሳል የዳኘውን ጨዋታ ራሱ ለጋዜጣ ይጽፍ ነበር። በዚያ ዘመን ዳኛን የሚመርጡት አሰልጣኞች ተስማምተው፣ የሚከፍሉትም ኮሌጆቹ ነበሩ። እንግዲህ ዳኛው ቢሳሳት ማን ይጽፈዋል? አሰልጣኙን በጋዜጣ ቢነቅፍስ በሚቀጥለው ቅዳሜ ማን ይጠራዋል?

አዳልቷል ማለታችን አይደለም። በሂሳብ ሥራ የምንጠይቀው ግን «ሰውየው ሌባ ነው ወይ?» ብለን አይደለም። «ቢሳሳት የሚያይ ሌላ ዓይን አለ ወይ?» ብለን ነው። ሌላ ዓይን ከሌለ ታማኙም ሰው ታማኝነቱን የሚያሳይበት ማስረጃ አይኖረውም። ሐሜት ቢነሳ የሚከላከልለት መዝገብ የጻፈው ራሱ ነውና።

ኤከርሳል በ1930 ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ ሞተ። በ1951 ስሙ በኮሌጅ እግር ኳስ የዝና መዝገብ ሰፈረ። ዛሬ በኮሌጅ ጨዋታ ዳኞችን የሚመድቡት የውድድር ማኅበራቱ ናቸው፤ ዘገባውንም ሌላ ሰው ይጽፋል።

እኛም ገንዘብ የምትቀበለዋን፣ መዝገብ የምትጽፈዋንና ሂሳብ የምትመረምረዋን ለይተን የምንመርጠው ለዚሁ ነው። እህቶቻችንን ስለተጠራጠርን ሳይሆን ስማቸው እንዲጠበቅ ስለምንፈልግ ነው። ደጋፊዎቻችንም የሰጡን ብር በሦስት እጅ እንደሚያልፍ ይወቁልን። በሚቀጥለው ምርጫ አንዲት እህት «ሁለቱንም እችላለሁ» ብትል እናመስግናት፤ አንዱን ብቻ እንስጣት።