የተራራ መንገድና በጎ ፈቃደኛ ጠባቂዎቹ

ከወረታ በስተሰሜን፣ ባሕር ዳርን ከጎንደር በሚያገናኘው ጎዳና ላይ የአዲስ ዘመን ከተማ ትገኛለች። ጣራ ገዳም ያለው በከተማዋ አቅራቢያ ባለው ደናማ ተራራ ላይ ነው። ወደ ጣና የሚዘረጋው የፎገራ ሜዳ ለእርሻ ሲውል፣ ወይራና ሰሳ የሚበቅሉበት ይህ ተራራ ከጥንቱ ደን ከፊሉን ይዞ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእጽዋት ጥናት በጣራ ገዳምና በአበባዬ ደኖች በድምሩ 143 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግቧል።

ይህን ደን ማን ጠበቀው? ገዳማዊው ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ዛፍ ከአምልኮው ስፍራ ለይቶ አያየውም። መነኮሳቱና ምእመናኑ የሚጠብቁትም ደመወዝ ተቆርጦላቸው ሳይሆን የራሳቸው በመሆኑ ነው። መንገዱም የሚኖረው በደኑ ነው። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉም የዝናቡን ኃይል ያበርዳል። ዛፉ ሲቆረጥ ግን የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን ወደ ቦይ ይለውጠዋል። መንገደኛው ቦዩን ሸሽቶ በዳር በዳር ሲሄድ ችግኙን ይረግጣል፤ ጥፋቱም እየሰፋ ይሄዳል። ማገዶ ለቀማና ልቅ ግጦሽ ይህን እንደሚያፋጥኑት የአካባቢው ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

በሌላው ዓለም ተመሳሳይ ሥራ የያዙ ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት በተደረገ ሰፈራ የተጀመረው የስካውት እንቅስቃሴ፣ ወጣቱን በእግር ጉዞ ማሠልጠንን ዋና ትምህርቱ አደረገ። የሎስ አንጀለስ ስካውቶች እ.ኤ.አ. በ1942 በሳን ገብርኤል ተራሮች ላይ ሲልቨር ሞካሲን የተባለውን፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የእግር መንገድ አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2020 ታላላቅ የሰደድ እሳቶች ደኑን ሲያቃጥሉ፣ መጋዝና ዶማ ይዘው የወደቀውን ግንድ ያነሡትና የተናደውን የጠገኑት በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ስካውት በኢትዮጵያም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር። ሆኖም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ፈረሰ፤ እንደገና የተቋቋመው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ፤ ይህ ግን የግዴታ ነበርና ከበጎ ፈቃድ ሥራ ጋር ማመሳሰል አይገባም። ዘማቹ በትእዛዝ መጣ፣ በትእዛዝም ሄደ። የገዳሙ ሰው ግን መንግሥታት ሲለዋወጡ እዚያው ነበር። ስካውት በአዋጅ ሊበተን የቻለውም ሥሩ በትምህርት ቤት አዳራሽ እንጂ በአንድ መንደር መንገድ ላይ ስላልነበረ ይመስላል።

የመንገድ ጥበቃ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ወቅትን ማወቅ ነው፤ የውኃ መውረጃው ከሰኔ በፊት ካልተጠረገ፣ ነሐሴ ላይ የሚጠገን መንገድ አይኖርም። በጣራ ገዳም ግርጌ የሚማሩ ተማሪዎች ትምህርት የሚዘጋው ክረምቱ ሲገባ ነውና፣ የሥራው ጊዜ ገና በክፍል ሳሉ ያልፋል።