ኤርጎኖሚክ ኪቦርድ ልግዛ? ከአማርኛ ታይፕ የጀመረ ታሪክ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ስጽፍ እውላለሁ፣ የእጄ አንጓ ያመኛል። ኤርጎኖሚክ የሚባለውን ኪቦርድ ልግዛ?» ከመመለሴ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

ጽሕፈት እጅ እንደሚያሳምም ሐኪሞች ያወቁት ኮምፒውተር ከመምጣቱ በጣም ቀደም ብሎ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1713 የጸሐፊዎችን ሕመም ሲገልጽ ሦስት ምክንያት አስቀምጧል፦ ሳይነሱ መቀመጥ፣ እጅን ያለ ዕረፍት በአንድ ዓይነት መንገድ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱ መጨነቅ። እኔም ዛሬ የምጨምርበት ብዙ የለኝም።

በእኛ አገር ደግሞ የፊደል ጉዳይ ይጨመርበታል። የታይፕ ቁልፎች 40 ከምናምን ናቸው፤ ፊደላችን ግን ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 33 በ7፣ 231 ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕ ሲሠሩ ይህን የፈቱት ፊደሉን በመቆራረጥ ነው። ዋናው ፊደል በአንድ ቁልፍ ይመታል፣ ቅጥያው በሌላ። ብልህ መፍትሔ ነው፤ የፊደሉን መልክ አበላሸ ብለው የሚያማርሩ ቢኖሩም። ለጸሐፊዋ ጣት ግን አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ምት ሆነ።

ካዛንቺስን የምታውቁ ስሙ ራሱ ከቢሮ ሠራተኛ እንደመጣ ሰምታችሁ ይሆናል። በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። ኮሜርስ ተምረው በቂርቆስ ቢሮዎች ታይፕ ሲመቱ የኖሩ ስንት እናቶች አሉ! የድሮው ቁልፍ ከባድ ነበር፣ ጣት ያደክማል። ነገር ግን መስመር ባለቀ ቁጥር እጅ ተነስቶ ሰረገላውን ይመልሳል፣ ገጽ ሲያልቅ ወረቀት ይቀይራል። ኮምፒውተር እነዚህን ትንንሽ ዕረፍቶች ወሰደብን። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኪቦርድ ሠራተኞች ዘንድ የእጅ ሕመም አገር ያወራበት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ሁለቱ ምት ግን አልቀረም። በድምፅ ስንጽፍ ራብዕ ባለ ቁጥር «ኤ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቁልፍ በግራ ትንሿ ጣት እንመታለን። ጠ፣ ጨ እና ኘ ሲመጡ ደግሞ በዚያችው ደካማ ጣት ሺፍት ለመያዝ አንጓችንን ወደ ውጭ እናጣምማለን።

መሃሉ የተከፈለው ኪቦርድ የታሰበው ይህን መጣመም ለመቀነስ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ክሎከንበርግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1926 ለታይፕ ጽፎበታል፤ ማይክሮሶፍት የራሱን እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ አቀረበ። አንጓን ቀና እንደሚያደርግ እውነት ነው፣ ብዙዎችም ተመችቶናል ይላሉ። የነርቭ መጨነቅን፣ ካርፓል ተነል የምንለውን፣ ይከላከላል የሚል ጠንካራ ማስረጃ ግን የለም። ስለዚህ አቅም ካላችሁና ከተመቻችሁ ግዙ፤ ከሌላችሁ አትበደሩ። ያላችሁን ኪቦርድ የኋላ እግሮች እጠፏቸው (አንጓን ወደ ላይ የሚሰብሩት እነሱ ናቸው)፣ ክርናችሁ ከኪቦርዱ ጋር እኩል ይሁን፣ ማውሱን አቅርቡ። በየግማሽ ሰዓቱ እጃችሁን አንሱ፤ የድሮዋ ታይፒስት ሰረገላ ስትመልስ እንደምታደርገው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፍ አንዲት እናት ሌሊት እጇ እየደነዘዘ ሲቀሰቅሳት ጥፋቱን ሁሉ በኪቦርዱ ላይ ጥላ፣ ውዱን ገዝታ ለወራት ጠበቀች። ስንመረምራት ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሃል ጣት ሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ ስኳር፣ የታይሮይድ ማነስ ወይም እርግዝና ከጀርባው ሊኖር ይችላል። በእርግዝና የመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይቀላል፤ እስከዚያው ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይረዳል። ብርጭቆ ከእጃችሁ የሚወድቅ፣ ቁልፍ መቆለፍ የሚያቅታችሁ ወይም በአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ እየሟሸሸ ከሆነ ግን ቀን ሳትቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።