ከስፖርት መኪና ወደ ቤተሰብ መኪና፦ ልጅ ሲወለድ መኪና ለመቀየር መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

በተባበሩት አረብ ኢሚሬትስ ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ያለው ሰው ልጅ ሲወልድ ከዋጋም ከምቾትም በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የሕግ ጥያቄ ነው። በአገሪቱ ደንብ መሠረት ከፊት ወንበር የሚቀመጥ ተሳፋሪ ቁመቱ ቢያንስ 145 ሴንቲ ሜትር፣ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። በመሆኑም እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ወይም እንደ ሸቭሮሌት ኮርቬት ያለ የኋላ ወንበር የሌለው መኪና፣ የቱንም ያህል ዘመናዊና ውድ ቢሆን፣ ሕፃን ልጅን ለማጓጓዝ አይውልም።

እንደ ፖርሼ 911 እና እንደ ፎርድ ሙስታንግ ያሉት ባለሁለት በር መኪኖች የኋላ ወንበር አላቸው። ሆኖም ወንበሩ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ለመግባት የፊት ወንበሩን ማጠፍ፣ ልጁንም ጎንበስ ብሎ በጠባቡ ክፍተት ማስገባት ግድ ይላል። በቀን ሁለት ጊዜ ልጅን ወደ መዋያ የሚያደርስና የሚመልስ ሰው ይህን ሥራ በበጋው ሙቀት በቀን አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። የሰለቸ ሰው ደግሞ ቀበቶውን በቅጡ ሳያጠብቅ፣ ወይም «ቅርብ ነው» ብሎ ጭራሽ ሳያስር መንቀሳቀስ ይጀምራል። የቤተሰብ መኪና ዋነኛ ጥቅም ልጅን በትክክል ማሰር ቀላልና የዘወትር ልማድ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

ሕጉ ምን ይደነግጋል?

እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ትራፊክ ደንብ ማሻሻያ፣ ከኋላ የተቀመጡትን ጨምሮ በመኪና ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የደህንነት ቀበቶ እንዲያስር ያዛል። ይህ ሳይፈጸም ሲቀር የ400 ድርሃም ቅጣትና 4 ጥቁር ነጥብ ይከተላል። ዕድሜያቸው እስከ 4 ዓመት የሆኑ ልጆች ለዕድሜያቸው በሚስማማ የልጅ መቀመጫ መታሰር አለባቸው። ልጅን ያለ መቀመጫ መውሰድም 400 ድርሃም ያስቀጣል።

የቀበቶ ጥፋት የሚመዘገበው በአሽከርካሪው ላይ መሆኑን በተለይ በቤተሰብ ሾፌርነት የሚሠሩ ወገኖች ሊያስተውሉት ይገባል። ሞግዚቷ ወይም ልጁ ቀበቶ ሳያስሩ ቢገኙ ነጥቡ የሚያርፈው በሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ላይ ነው። መኪናው የአሠሪው፣ ልጆቹም የአሠሪው ልጆች መሆናቸው ይህን አይቀይረውም። ስለዚህ መቀመጫ ያልተገጠመለት መኪና ሲሰጠው አስቀድሞ ለአሠሪው ማሳሰብ የሾፌሩ መብትም ግዴታም ነው።

እቅፍ መቀመጫ አይሆንም

ሕፃንን በእቅፍ ይዞ ከኋላ መቀመጥ በብዙ ቤተሰቦች ዘንድ እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል። ቀላል ስሌት ግን ይህን ያፈርሰዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ወደ ፊት የሚወረወርበት ኃይል 140 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ከመያዝ ጋር ይስተካከላል። ይህን ሊይዝ የሚችል ክንድ የለም። የያዘው ሰው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ደግሞ በሕፃኑ ላይ ይወድቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ሕፃናትና ወጣቶች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። ትልቅ መኪና መግዛት ብቻውን ከዚህ አይጠብቅም። ባለሰባት መቀመጫ መኪና ውስጥ ሳይታሰር የሚቆም ልጅ በትንሽ መኪና በሚገባ ከታሰረ ልጅ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ ነው።

ከመኪናው በፊት መቀመጫው

ብዙዎች መኪናውን መርጠው ከገዙ በኋላ የልጅ መቀመጫ ይፈልጋሉ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል፤ ለቤተሰቡ ልጆች የሚያስፈልጉት መቀመጫዎች ዓይነትና ብዛት መኪናውን ይወስናልና።

አራስና ሕፃን ልጅ ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ዞሮ ይቀመጣል። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ትልቅና ከባድ፣ አንገቱ ግን ገና ያልጠና በመሆኑ፣ በግጭት ጊዜ የመቀመጫው ጀርባ ጭንቅላቱንና ጀርባውን በአንድነት መደገፍ አለበት። አይ-ሳይዝ በመባል በሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ 129 መሠረት ልጅ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ወደ ኋላ ዞሮ መቀመጥ ይኖርበታል። ወደ ኋላ የሚዞር መቀመጫ የአየር ከረጢቱ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ የመቀመጫውን ጀርባ መትቶ ሕፃኑን ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው ነጥብ ማሰሪያው ነው። ኢሶፊክስ የሚባለው አሠራር የልጅ መቀመጫውን በወንበሩ መጋጠሚያ ውስጥ ካሉ ሁለት የብረት ማያያዣዎች ጋር በቀጥታ ያቆራኛል። በብዙ መኪኖች እነዚህ ማያያዣዎች የሚገኙት በኋላ ወንበር በቀኝና በግራ ብቻ ነው። መካከለኛው ቦታ በቀበቶ የሚታሰር መቀመጫ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ነጥብ ስፋት ነው። የአይ-ሳይዝ መቀመጫ ስፋቱ እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ሦስት መቀመጫዎች ጎን ለጎን 132 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ ማለት ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ወይም በሁለት ልጆች መካከል ሞግዚት የምትቀመጥበት ቤተሰብ የኋላ ወንበሩን በሜትር ለክቶ መግዛት አለበት። በሁለት የልጅ መቀመጫዎች መካከል የቀረው ቦታ አዋቂ ሰው ቀበቶ አስሮ የሚቀመጥበት ካልሆነ፣ መኪናው ለዚያ ቤተሰብ ጠባብ ነው።

ልጁ 4 ዓመት ሲሞላው የሕጉ ግዴታ ቢያበቃም የመቀመጫ አስፈላጊነት አያበቃም። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለአዋቂ ሰው ቁመት ነው። ቀበቶው በአንገት ላይ ሳይሆን በትከሻ፣ በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያልፍ ልጁን ከፍ የሚያደርግ መቀመጫ ለተጨማሪ ዓመታት ያስፈልጋል።

የትኛው ዓይነት መኪና?

የመኪና አምራቾች ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ መልስ ሲሰጡ ኖረዋል። የአሜሪካው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1983 መገባደጃ፣ የፈረንሳዩ ሬኖ ደግሞ በ1984 ያቀረቧቸው ሰፋፊ የቤተሰብ ቫኖች አዲስ የገበያ ዘርፍ ከፈቱ። በስፖርት መኪና የታወቁት ኩባንያዎችም ቆይተው ይህንኑ ገበያ ተከተሉ። ፖርሼ በ2002 ካየንን፣ ላምቦርጊኒ በ2017 ኡሩስን፣ ፌራሪ በ2022 ባለአራት በሩን ፑሮሳንግዌን አስተዋውቀዋል።

ለአንድ ወይም ለሁለት ልጆች መካከለኛ ባለአራት በር መኪና በአብዛኛው ይበቃል። ዋጋውም የነዳጅ ፍጆታውም ከትልቁ ያነሰ ነው። ሲመረጥ የኋላ በሩ በስፋት መከፈቱ፣ የሕፃን ጋሪና የሳምንት አስቤዛ አብረው በኋላ ኮፈኑ መግባታቸው ይታያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተወዳጅ የሆኑት እንደ ቶዮታ ላንድክሩዘርና ኒሳን ፓትሮል ያሉ ከፍ ያሉ መኪኖች ልጅን ጎንበስ ሳይሉ ለማስገባት ይመቻሉ። በአንጻሩ ከመኪናው ጀርባ የቆመ ትንሽ ልጅ ለአሽከርካሪው ስለማይታይ የኋላ ካሜራና ማስጠንቀቂያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ወደ ኋላ ከመንዳት በፊትም ልጆቹ የት እንዳሉ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስት ረድፍ ወንበር ባላቸው መኪኖች የመጨረሻው ረድፍ ሲዘረጋ የዕቃ ቦታው በእጅጉ ይቀንሳል፤ በዚያ ረድፍ ኢሶፊክስ የሌላቸውም ብዙ ናቸው። እንደ ኪያ ካርኒቫልና ሆንዳ ኦዲሲ ያሉት ቫኖች ተንሸራታች በር ስላላቸው በጠባብ የመኪና ማቆሚያ ልጅን ለማውጣትና ለማስገባት ምቹ ናቸው። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የግጭት ሙከራ ተቋም የልጆችን ደህንነትም ስለሚገመግም፣ ገዢው ከጠቅላላው የኮከብ ብዛት በተጨማሪ ይህን ግምገማና ሙከራው የተደረገበትን ዓመት ቢያይ ይጠቀማል።

ሙቀትና የመኪናው ሥሪት

ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ሕፃን ከፊት የሚነፍሰው የኤሲ አየር በቂ ሆኖ ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ለኋላ ረድፍ የራሱ የአየር መውጫ ያለው መኪና ይመረጣል። ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ መኪኖች ለአካባቢው ሙቀትና አቧራ የተዘጋጀ የማቀዝቀዣ ሥርዓት አላቸው። ከሌላ አገር የገቡት ዋጋቸው ሊረክስ ቢችልም፣ አንዳንዶቹ በመጡበት አገር አደጋ ደርሶባቸው የተጠገኑ ናቸው። በተለይ የአየር ከረጢቶቹ አንድ ጊዜ ፈንድተው በትክክል ካልተተኩ ገዢው ይህን በዓይን አይቶ ሊያውቅ አይችልም። የአደጋ ታሪክን በሻንሲ ቁጥር ማጣራትና መኪናውን በታወቀ የምርመራ ማዕከል ማስፈተሽ ለቤተሰብ መኪና የሚታለፍ ወጪ አይደለም።

በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ በ10 ደቂቃ ብቻ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ይጨምራል። ልጅን ለአፍታም ቢሆን በመኪና ውስጥ ብቻውን መተው ለሕይወቱ አስጊ ነው። ወዲማ በመባል የሚታወቀው የ2016 የሕፃናት መብት ሕግም ልጅን ለአደጋ የሚያጋልጥ ቸልተኝነትን በእስራት ወይም ከ5,000 ድርሃም ባላነሰ ገንዘብ ይቀጣል።

ልውውጡ እንዴት ይከናወናል?

የስፖርት መኪናን በቤተሰብ መኪና ለመቀየር ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አሮጌውን ለመኪና ነጋዴ አስረክቦ ልዩነቱን በመክፈል አዲሱን መውሰድ ነው። ይህ ፈጣንና ድካም የሌለው ቢሆንም ነጋዴው መልሶ የሚሸጥበትን ትርፍ አስልቶ ስለሚገምት ዋጋው ዝቅ ይላል። ሁለተኛው ለግለሰብ ሸጦ ሌላ መግዛት ነው። የተሻለ ዋጋ ሊያስገኝ ይችላል፤ የስፖርት መኪና ፈላጊ ግን ጥቂት በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል። ልጁ ከመወለዱ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የጀመረ ሰው ቸኩሎ በርካሽ ከመሸጥ ይድናል።

በሁለቱም መንገድ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለ አስቀድሞ ይከፈላል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ብድሩ ተዘግቶ ባንኩ ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ እስኪሰጥ ድረስ ባለቤትነቱ አይዛወርም። ገዢው በስሙ ኢንሹራንስ ይገባል፤ ከዚያም ሙልኪያው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ካርድ፣ ወደ እርሱ ይዞራል። ሻጩም ከቀድሞው ኢንሹራንስ የሚመለስለት ቀሪ ገንዘብ ካለ ኩባንያውን መጠየቅ አለበት።

በተዋዋቂዎች መካከል በመተማመን ቁልፍ አስረክቦ «ሙልኪያውን በኋላ እናዞራለን» ማለት ለብዙ ችግር ይዳርጋል። ዝውውሩ እስኪፈጸም ድረስ መኪናው የሻጩ ስለሆነ፣ ገዢው የሚያመጣው ቅጣት በሻጩ ስም ይመዘገባል። ክፍያውና ዝውውሩ በአንድ ቀን፣ ገንዘቡም በባንክ በኩል ቢፈጸም ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው።

አዲሱን በብድር ለመግዛት ያሰበ ሰው የማዕከላዊ ባንኩን ገደብ ማወቅ አለበት። የመኪና ብድር ከመኪናው ዋጋ 80 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜውም ከ60 ወር አይበልጥም። ቀሪው 20 በመቶ ከስፖርት መኪናው ሽያጭ ሊሸፈን ይችላል። የወጪ ሚዛኑ ሲሠራ የነዳጅ ዓይነትም ይታያል። ብዙ የስፖርት መኪኖች ውድ የሆነውን ባለ98 ወይም ባለ95 ኦክቴን ቤንዚን ይጠይቃሉ፤ ሰፊና ልዩ ጎማቸውም ከተራው ይወደዳል። ይሁን እንጂ ትልቅ ሞተር ያለው ከባድ መኪና የገዛ ሰው በነዳጅ ምንም ላይቆጥብ ይችላል።

መኪናውን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስቡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን ታሳቢ ማድረግ ይኖርባቸዋል።

ከመፈረም በፊት

የተመረጠውን መኪና ለመሞከር ሲኬድ የልጁን መቀመጫና ጋሪውን ይዞ መሄድ ይመከራል። መቀመጫው በቦታው ይታሰር፤ የፊት ወንበሩ አሽከርካሪው በሚቀመጥበት ልክ ወደ ኋላ ይገፋ፤ ጋሪው ታጥፎ ኮፈኑ ይዘጋ። ከሁሉ በላይ ግን ልጁን በየቀኑ የሚያስረው ሰው፣ እናትም ትሁን አባት፣ ሾፌርም ይሁን ሞግዚት፣ በራሱ እጅ ሊሞክረው ይገባል። ማያያዣውን ለማግኘት የሚቸገር፣ ቀበቶውን ለመሳብ እጁ የማይደርስለት ከሆነ፣ ሌላ መኪና መፈለግ ያለበት ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።