በገበያ ስለ ተገዛ አንድ ውጅግራ ጠብመንጃ የተደረገ ምርመራ

የታሪክ ምስክር በብራና ወይም በወረቀት የተጻፈ ብቻ አይደለም። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረው የአባቶች ጠብመንጃም፥ ምልክቱን ማንበብ ለሚችል ሰው፥ ብዙ ነገር ይናገራል። ነገር ግን ጠብመንጃው የሚናገረውና ስለ ጠብመንጃው የሚነገረው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቅርቡ ለጥናት በፈቃድ የገዛነውን አንድ አሮጌ የጦር ጠብመንጃ መሠረት አድርገን፥ የእንዲህ ያለ ዕቃ ማንነት በምን እንደሚታወቅና ዋጋው በምን እንደሚመዘን ማስረዳት ነው።

ሻጩ ጠብመንጃውን ያስረከበን «የዐድዋ ምንሽር ነው» ብሎ ነው። በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው ስለ ጠብመንጃው ዓይነት፥ ሁለተኛው ጠብመንጃው ስለ ዋለበት ጦርነት ነው። ሁለቱን ለየብቻ መርምረናል።

፩. ስለ ስሙ

በአገራችን የጠብመንጃ ስም ብዙውን ጊዜ ከፈጠረው ሰው ወይም ከመጣበት አገር የተወሰደ ነው። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ የያዙት ስናይደር በእኛ አፍ ስናድር ሆነ፤ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ ውጅግራ ተባለ፤ የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር፥ ከቤልጅግ አገር የመጣውም ቤልጅግ ተብሎ ቀረ። ዳሩ ግን ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ይደበላለቃል። ስለዚህ ስም ለምርመራ መነሻ ይሆናል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

ይህም በእኛው ጠብመንጃ ላይ ወዲያው ታየ። የኦስትሪያ ጦር ይይዘው የነበረው ምንሽር አምስት ጎራሽ ነው፤ መቀርቀሪያውም ሳይዞር ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። በእጃችን ያለው ግን አንድ ጎራሽ ሆኖ፥ የመቀርቀሪያው እጀታ መጀመሪያ ወደ ላይ ተነሥቶ ከዞረ በኋላ ነው የሚሳበው። እንግዲህ ምንሽር አለመሆኑ ምንም ጽሕፈት ሳይነበብ ታወቀ።

፪. ስለ ልኩና ስለ ጽሕፈቱ

ማንኛውም አሮጌ ጠብመንጃ ከመመርመሩ በፊት አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ተደርጎ፥ መቀርቀሪያው ተከፍቶ፥ ጥይት አለመጉረሱ መታየት አለበት። ይህን ካደረግን በኋላ ለካነው። ርዝመቱ ያለ ሳንጃው 130 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፥ የአፈሙዙ ቀዳዳ 11 ሚሊ ሜትር፥ በውስጡም ወደ ግራ የሚጠማዘዙ 4 ቦዮች ያሉት ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ የፈረንሳይ ጦር በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለተቀበለው ለግራ ጠብመንጃ የሚስማማ ነው። ጠብመንጃው ስያሜውን ያገኘው ከፈረንሳዊው መኰንን ከባዚል ግራ ሲሆን፥ የተሠራውም ከእርሱ በፊት የነበረውንና በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረውን ሻስፖን በማሻሻል ነው። ግራ የሚጎርሰው ቀለሁ ከናስ የተሠራ ጥይት ነው፤ በውስጡም 5 ግራም ከሩብ ጥቁር ባሩድና 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር ይገኛል።

ጽሕፈቱ ደግሞ ይህን አጸናልን። መቀርቀሪያው በሚገባበት የብረት ቤት በግራ ጎን የሴንት ኤትየን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስምና «ሞዴል 1874» የሚል ተቀርጿል። ይህ ቃል ሊናቅ አይገባውም፤ ብዙ ሻስፖዎች ታድሰው ወደ ግራ ተለውጠዋልና፥ በእነዚያ ላይ የሚነበበው 1866-74 የሚል ነው። በአፈሙዙ ሥር የተሠራበት ዓመት 1878 ተጽፎ ይገኛል። ከሞዴሉ ስም አጠገብ ደግሞ «ኤም 80» የሚል ትንሽ ምልክት አለ። ይኸውም በ1880 የተደረገውን ማሻሻያ የሚያመለክት ነው፤ ቀለህ በውስጥ ቢቀደድ እሳቱ የተኳሹን ፊት እንዳይመታ ጋዙ የሚወጣበት ቦይ በፈረንሳይ ፋብሪካዎች ተቆርጦለት ነበር።

፫. ወደ አገራችን ስለ መጣበት ዘመን

ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አንድ ነገር መደምደም ይቻላል። ጠብመንጃው በ1878 ተሠራ፤ በ1880 ወይም ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ እጅ እንዳለ ታደሰ። እንግዲህ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ በተደረጉት ጦርነቶች ሊኖር አይችልም፤ ያን ጊዜ ከግብጾች የተማረከው ጠብመንጃ ረሚንግቶን ነበር። የፈረንሳይ ጦር በ1886 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበልን ሲቀበል፥ ግራ ለፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ ሆነ። ለነጋዴዎች መሸጥ የበዛውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ1890 በብሩክሴል የተደረገው ስምምነት በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። ነገር ግን ኢጣልያ ራሷ ኢትዮጵያ የስምምነቱ ተካፋይ መሆኗን ስላሳወቀች፥ ዳግማዊ ምኒልክ መሣሪያ ለማስገባት መብት አገኙ። በጅቡቲ በኩልም ብዙ ውጅግራ ገባ። ጥይቱ በየገበያው እንደ ገንዘብ እስኪመነዘር ድረስ በአገር ተሠራጨ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱም ይኸው ነው።

ታዲያ የእኛው ጠብመንጃ ዐድዋ ውሎአልን? ዘመኑ አይከለክለውም፤ ጽሕፈቱ ግን አያረጋግጠውም። ውጅግራ ከዐድዋ በኋላም መግባቱን አልተወም፤ በ1928 ዓ.ም. ፋሽስቶች ሲወሩን እንኳ ብዙ ዘማች ይዞት ወጥቶአል። የፋብሪካ ቁጥር የልደት ምስክር ነው፤ የዘመቻ ምስክር አይደለም። ስለዚህ በመዝገባችን ላይ የጻፍነው «ዐድዋ ሊውል ይችል የነበረ» የሚል እንጂ «ዐድዋ የዋለ» የሚል አይደለም።

ለማነጻጸር ያህል፥ ዐድዋ ላይ የኢጣልያ እግረኛ የያዘው 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን አራት ጎራሽ ቬተርሊ ነበር። ይህ ጠብመንጃ ከ1915 ወዲህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ተለውጦአልና፥ እንዲህ የጠበበውን ቬተርሊ «ዐድዋ ላይ የተማረከ ነው» የሚል ሰው ቢመጣ፥ መለኪያ አውጥቶ ቀዳዳውን መለካት ብቻ ይበቃል።

፬. ስለ ዋጋው

በውጭ አገር አሮጌ መሣሪያ የሚሰበስቡ ሰዎች ዋጋ የሚሰጡት ቁጥሮቹ ሁሉ ለሚገጥሙ፥ እንጨቱ ላልተነካ፥ ቀዳዳው ላልዛገ ጠብመንጃ ነው። በዚህ ሚዛን የእኛው ርካሽ ነው። የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአፈሙዙ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ በሰደፉ ላይ የነበረው ክብ የፋብሪካ ማኅተም በመፋቅ ጠፍቶአል፤ አንገቱም ተሰብሮ በጠፍር ተጠፍሮአል።

እኛ ግን ሚዛኑ ሌላ መሆን አለበት እንላለን። የሴንት ኤትየን ጽሕፈት በሌሎች ብዙ ሺሕ ጠብመንጃዎች ላይም ይገኛል። ጠፍሩ ግን በዚህ ብቻ ነው ያለው። እርጥብ ሳለ ተጠምጥሞ ሲደርቅ እንደ ብረት የጠበቀው ይህ ቆዳ፥ መለዋወጫ በሌለበት አገር አንድ ሰው መሣሪያውን ከመጣል መጠገንን እንደ መረጠ ይነግረናል። የተለወጠውም መቀርቀሪያ ከሌላ ጠብመንጃ የተወሰደ ነውና፥ ከሁለት የተበላሹ አንድ ደኅና ማውጣት የታወቀ ብልኀት እንደ ነበር ያሳያል። በዚህ ጠብመንጃ ላይ ኢትዮጵያ የጻፈችው ጽሕፈት ይህ ነው። ነጋዴው ጉድለት ብሎ የሚቀንሰው፥ ለታሪክ ተማሪ ዋናው ሰነድ ይሆናል።

ስለዚህ አሮጌ ጠብመንጃ በአሸዋ ወረቀት መፈተግ፥ ጠፍሩን ፈትቶ በአዲስ እንጨት መተካት፥ ቀለም መቀባትም ብራና ፍቆ እንደ ማጥፋት ይቆጠራል። ዝገቱ እንዳይስፋፋ ቀጭን ዘይት በጨርቅ ማስነካት ይበቃዋል። መተኰስም አይገባም።

መደምደሚያ

ከዚህ ምርመራ የምናገኘው ትምህርት ሦስት ነገሮችን ለያይቶ መጻፍ እንደሚያስፈልግ ነው፤ ብረቱ የሚናገረውን፥ ባለቤቱ የሚናገረውን፥ ከሁለቱ እኛ የምንገምተውን። የባለቤቱ ቃል ከብረቱ ጋር ባይስማማ እንኳ አይጣልም፤ በስሙ ተጽፎ በቦታው ይቀመጣል። ምንሽር ያልሆነውን ምንሽር ያለ ሰው፥ አያቱ ዐድዋ ዘምተዋል ማለቱ ግን ሐሰት ነው አያሰኝም። በአንጻሩ ደግሞ ያልተመረመረውን ሁሉ «የዐድዋ» እያሉ መለጠፍ፥ በእውነት ዐድዋ የዋለውን ከዋዛ ጋር መቀላቀል ነው።

ወደየአገራቸው ለዕረፍት የሚሄዱ ጓደኞቻችን በዘመዶቻቸው ቤት የተሰቀለ አሮጌ ጠብመንጃ ቢያገኙ፥ ባለቤቱን አስፈቅደው ጽሕፈቱን ይገልብጡ፤ ቀዳዳውን ይለኩ፤ ጥገናውን ይሣሉ፤ ከማን ለማን እንደ ተላለፈም ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ። ብረቱ ይቆያል፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን አይቆዩምና፥ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት የእነርሱ ቃል ነው።