ስም ያለው ፈረስ፣ ምስል የሌላት ላም፦ በንድፍ፣ በቀለምና በክር የቤት እንስሳትን ስለ መሣል የቀረበ ታሪካዊ ዳሰሳ

(በወላይታ ሶዶ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ለታሪክ መምህር ጥቂት ያነሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰዎች የውሻቸውን፣ የድመታቸውን ወይም የፈረሳቸውን መልክ በጨርቅ ላይ ይነድፋሉ፤ በቀለም ያለብሳሉ፤ በመጨረሻም በመርፌና በክር ይጨርሱታል። ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል ጥያቄ ከአዳራሹ ሳይነሣ እኔው ላንሣው። መልሴ አጭር ነው፦ የማን መልክ እንደሚሣልና በምን ዕቃ እንደሚሣል ማኅበረሰብ የሚወስነው ውሳኔ ነው። ማኅበረሰብ የወሰነው ነገር ሁሉ ደግሞ ታሪክ አለው።

በቋንቋችን ልጀምር። አማርኛ «የቤት እንስሳ» ሲል ላሟንም፣ አህያዋንም፣ ውሻውንም፣ ድመቷንም በአንድ ስም ይጠቅልላል። ለፍቅር ብቻ የሚያዘውንና ለጥቅም የሚረባውን የሚለይ የተለመደ ቃል የለንም። ይህ የቃል ድህነት አይመስለኝም። በገበሬው ቤት ፍቅርና ጥቅም እንዳልተለያዩ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የቤት እንስሳ ምስል ታሪክ ሲፈለግ ከቡችላ ሳይሆን ከከብት መጀመር ይኖርበታል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከእኛ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በጌዴኦ ዞን ዲላ አካባቢ፣ ሸፔ በተባለው ስፍራ በወንዝ ገደል ዓለት ላይ ሃምሳ የሚሆኑ ከብቶች ተቀርጸዋል። አካላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ግን ከላይ እንደሚታይ ሆኖ ተሠርቷል። ሻኛ የላቸውም፤ ጡታቸው ሆን ተብሎ ጎልቷል። ቀራጩ ማን እንደ ነበር ባናውቅም ምን ይወድ እንደ ነበር ግን ዓለቱ ይነግረናል። ወተት የምትሰጥ ላም ለዚያ ሰው ድንጋይ የሚፈለፈልላት ፍጡር ነበረች።

ከዚያ በኋላ በተጻፈው ታሪካችን ውስጥ ላሟ ትጠፋለች፤ ፈረሱ ይገባል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ተቀምጠው ይሣላሉ። ምእመኑ ጽሑፉን ማንበብ ባይችል እንኳ የፈረሱን ቀለም አይቶ ቅዱሱን ይለያል። በቤተ መንግሥትና በጦር ሜዳም እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ተብለው የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። ፈረሱ ስም አለው፤ ስሙም የጌታው መታወቂያ ሆኗል።

ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ ክብር ለፈረሱ ለራሱ የተሰጠ አይደለም። በሥዕል ልማዳችን ጻድቅ ሰው ሁለት ዐይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው በአንድ ዐይን ከጎን ይሣላል። ፈረሱም በአብዛኛው ከጎን ነው፤ ይህም ክፉ ስለሆነ ሳይሆን እንደ ባለ ጉዳይ ስላልተቆጠረ ነው። ተሸካሚ ነው። የእንስሳ መልክ ሥዕል የምንለው ነገር የሚጀምረው ሠዓሊው ይህን ሥርዓት ገልብጦ እንስሳውን ፊት ለፊት ሲመለከተው፣ ለዐይኑም ከኮርቻው ይልቅ ሲጨነቅለት ነው።

የአውሮፓ ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድዊን ላንድሲር እ.ኤ.አ. በ1836 ኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ የሆነችውን ልዕልት ውሻ «ዳሽ»ን ሥሎ ነበር። በዚያው ዘመን የበርሊን ሱፍ ጥልፍ የሚባለው ሥራ ተስፋፋ፤ በካሬ ወረቀት ላይ በታተመ ንድፍ እየተመሩ በባለ ቀለም ሱፍ መጥለፍ ማለት ነው። የላንድሲር ውሾችም በዚህ መንገድ ከቤተ መንግሥት ወጥተው በመካከለኛው መደብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ያው ውሻ በቀለም ሲሠራ «ሥነ ጥበብ»፣ በክር ሲሠራ «የሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ» ተባለ። እንስሳው አንድ ነው፤ ዕቃው ግን ደረጃውን ለወጠው።

በእኛም ዘንድ ይህ የደረጃ ልዩነት አለ፤ ሥሩ ግን ሌላ ነው። የድሮው ሥራችን ራሱ ዕቃዎችን ያቀላቅል ነበር። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች በቀጥታ በግድግዳ ላይ የተሣሉ አይደሉም፤ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርተው ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ከጎንደር ዘመን የቀሩልን፣ ዛሬ በካናዳና በእንግሊዝ ሙዚየሞች የሚገኙት ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች ደግሞ የሰው ምስል ያለ አንዲት ብሩሽ፣ በሽመና ብቻ ሊሠራ እንደሚችል ይመሰክራሉ። ችሎታው አልጐደለንም፤ የጐደለን ክብር ነው። ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቀጥቃጩን እጃቸው የሠራውን እየተጠቀምን ራሳቸውን ግን ከማዕድና ከጋብቻ አራቅን። ይህ ነውር በወላይታም ነበር፤ በሌላውም የአገራችን ክፍል ነበር። ስለዚህ አንድ ተማሪ መርፌ ይዞ ወደ ሥዕል ክፍል ሲገባ ይህን ታሪክ ሁሉ ይዞ ይገባል።

ግድግዳው በእኛ ዘመን መሰንጠቅ መጀመሩን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ኤልያስ ስሜ ነው። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀው ይህ ሠዓሊ ባለ ቀለም ክር በሸራ ላይ እየሰፋ፣ አዝራርና የተጣሉ ዕቃዎችን እየጨመረ ለዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ሳንታ ሞኒካ የቀረበው ዐውደ ርእዩ «የመርፌ ዐይን፣ የልብ ዐይን» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ ነበረው። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ውስጥ ተከፍቷል። ኤልያስን የማነሣው የእንስሳ መልክ ሠዓሊ ነው ለማለት አይደለም። በክር የተሞላ ሸራ ሙሉ ሥዕል መሆኑን ካረጋገጡልን መካከል ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ ወላይታ እንመለስ። በጥንቱ የወላይታ ቤት ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። እንሰቱ የሚያድገው በላሟ እበት ነው፤ ልጁ የሚያድገው በወተቷ ነው። ላም የሌለው ሰው የሌላውን ላም በ«ሐራ» ተቀብሎ ያረባል፤ ወተቱንና እበቱን እየተጠቀመ፣ ጥጃውን እንደ ስምምነታቸው እየተካፈለ ይኖራል። ላሟ በአጭሩ ውል ናት፤ ጎረቤትነት ናት፤ የምግብ ዋስትና ናት።

ይህ ዓለም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተመታ። በመጀመሪያ «ክፉ ቀን» ብለን በምናስታውሰው ዘመን የደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ጨረሰ። ቀጥሎም በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ዘምቶ ካዎ ጦና ከብርቱ መከላከል በኋላ ቆስሎ ተማረከ። ከዘመቻው ጋር አብሮ የነበረው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፉ ሰውና ከብት እንዴት እየተነዳ እንደ ተወሰደ ገልጿል። ተማሪዎቼ ይህን ምንጭ ስናነብ የከብቱን ብዛት ይመዘግባሉ። ልክ ነው፤ ቁጥር ያስፈልጋል። ግን አንድ ነገር አስቡ፦ የዘማቹ አለቃ ፈረስ በስሙ ሲታወስ፣ የተነዳችው ላም በቁጥር ብቻ ቀረች። እያንዳንዷ በአንድ ቤት ውስጥ ስም፣ ጠባይና የምታልባት እጅ ነበራት። የታሪክ ምንጭ ዝምታ የሚባለው ይህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር ግድ ይለኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ በማስተምርበት ጊዜ፣ አንዲት የዚህ አካባቢ ተወላጅ የሆነች ተማሪ የማጠቃለያ ሥራዋን ይዛልኝ መጣች። በአቡጀዲ ላይ የላም ፊት በከሰል ነድፋ፣ በስሱ ቡናማ ቀለም አልብሳ፣ የግንባሯን ጠጉር ከአባቷ ሸማ ሥራ በተረፈ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ክር ሰፍታው ነበር፤ የዱንጉዛ ቀለማት ናቸው። ላሟ በሐራ የተያዘች እንደ ነበረች፣ ባለቤቷም ወስዶ እንደ ሸጣት ነገረችኝ። እኔም «ይህ የእጅ ሥራ እንጂ የታሪክ ሥራ አይደለም» ብዬ መለስኳት። ሌላ ጽሑፍ ጽፋ ተመረቀች። ዛሬ ሳስበው በእጄ ይዤው የነበረው ስለ ሐራ፣ ስለ ሽመናና ስለ አንድ ቤተሰብ ኪሳራ የሚናገር ምንጭ ነበር። የላሟን ስም እንኳ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ አሠራሩን ጥቂት ላብራራ፤ ምንጭን ለማንበብ እንዴት እንደ ተሠራ ማወቅ ያስፈልጋልና። የመጀመሪያው ደረጃ ንድፍ ነው። ሠዓሊው የእንስሳውን የራስ ቅል ቅርጽ፣ የዐይኖቹን ርቀት፣ የጆሮውን አቅጣጫ በከሰል ወይም በእርሳስ ያወጣል። አንዱን ላም ከሌላዋ የሚለየው እዚህ ይወሰናል። ሁለተኛው ቀለም ነው፤ በውኃ የቀጠነ ስስ ቀለም ብርሃንና ጥላን ይሰጣል። ወፍራም ቀለም ጨርቁን ስለሚያደርቀው መርፌው ይቸገራል፤ ክሩም ይበጠሳል። ሦስተኛው ስፌት ነው፤ ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጨርቁ በክፈፍ ላይ ተወጥሮ ይሠራል። ክሩ የጠጉሩን አቅጣጫ ይከተላል፤ በአፍንጫ ላይ አጭር፣ በአንገት ላይ ረዥም ይሆናል። በመጨረሻ በዐይን ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ ትቀመጣለች።

በእነዚህ ሦስት ደረጃዎች መካከል የጊዜ ልዩነት አለ። ንድፍ የደቂቃዎች፣ ቀለም የሰዓታት፣ ስፌት የሳምንታት ሥራ ነው። ክር እንደ ቀለም በአንድ እጅ ምት ሰፊ ቦታ አይሸፍንም፤ እያንዳንዷ ስፌት ለብቻዋ ትወጋለች። ስለዚህ በክር የተሠራ የእንስሳ መልክ ሠሪው ምን ያህል ጊዜ ከዚያ ፊት ጋር እንደ ተቀመጠ በራሱ ላይ መዝግቦ ይይዛል። ፎቶግራፍ ይህን አይሰጠንም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ ከተባለችው ትንሽ ውሻቸው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ አለን፤ የገበሬው ውሻና ላም ግን ፎቶግራፍ አንሺም አልነበራቸውም። መርፌ፣ ክርና ቁራጭ ጨርቅ ግን በየቤቱ አለ።

አንድ ተቃውሞ እንደሚቀርብ አውቃለሁ። ሰው የሚራብበት አገር ስለ ላም መልክ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን? የሚል ነው። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። የእንስሳ ምስል ቅንጦት የሚሆነው እንስሳው ራሱ ቅንጦት በሆነበት ቤት ነው። ላሟ ስትሞት የልጆች ወተትና የእንሰቱ ማዳበሪያ አብሮ በሚሞትበት ቤት ግን ምስሏ የቤተሰቡ የኑሮ ታሪክ ነው። ያንን ታሪክ ከሰው ብቻ ጠይቀን የምንጨርሰው አይደለም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ወደ ቀበሌዎች የምትወጡ ተማሪዎች በመጠይቃችሁ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ በቤታችሁ የነበሩት ከብቶች፣ አህዮችና ውሾች ስማቸው ማን ነበር? ከስሙ ጋር ቀለሙ፣ ከቀለሙ ጋር ውሉ፣ ከውሉ ጋር የተሸጠበት ወይም የሞተበት ዘመን ይመጣል። ሁለተኛ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በጨርቅና በክር የተሠራ ሥራ ማብራሪያ ጽሑፍ ተያይዞለት ሲቀርብልን እንደ ምንጭ እንመርምረው፤ እንደ ማንኛውም ምንጭ እንጠይቀው፤ ከደከመም ይውደቅ። በመርፌ ስለ ተሠራ ብቻ ግን አይውደቅ።

ያቺ ተማሪ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ይህ ንግግር በደረሳት ጊዜ ያን ጊዜ ያልጠየቅኋትን ጥያቄ አሁን እየጠየቅኋት መሆኑን ትወቅልኝ።